ውኃው መጀመሪያ ለማን ነው?

ጭሮ፣ ጥር 21 ቀን 2018

ለተከበሩ መምህሬ ለጃዕፈር፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉሮሮዎስ? እህትዎ ነጅዋ «ከሾርባ ሌላ አይወርድለትም» ብላ ለሾፌሩ ለቡርሃን ስለነገረችው ትንሽ ማር ልኬያለሁ። ቡርሃን አዋሽ ላይ ሲያርፍ ካልቀመሰው ሙሉውን ይደርስዎታል። እኔ፣ አብራርና ልጆቹ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ሐኪሙ በስልክ መነጋገር ስለከለከለዎ፣ ስልክ ላይ መጻፍም ስለማይወዱ፣ በቡርሃን ሚኒባስ መጻጻፉን እኔም ወድጄዋለሁ። ተማሪዎ ሳለሁ ድርሰት ጽፌ እርማትዎን የምጠብቅበት ጊዜ ትዝ አለኝ።

ለጠየቁኝ ሁሉ መልሱ ይኸው። የፓርቲያችን ቢሮ አልተዘጋም። አቶ ኃይሉ ከምሳ በኋላ ፎቶ ቤታቸውን ለልጃቸው ትተው እየመጡ በጸሐፊነት ይሠራሉ። የዕጩዎች ምዝገባ ሳያልፍ በእርስዎ ቦታ የእኔን ስም አስገብተናል። ፎቶዬን በጨርቅ ሱቄ በር ላይ ስለጥፈው አብራር «ሜትሩ ስንት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ደስ ያለው ይመስላል። ወንድሙ መስዑድም ከመሰላ ወርዶ «ከቤታችን ተመራጭ ሊወጣ ነው» ብሎ በግ ይዞልን መጣ።

የመርሕ መግለጫችንም ተበትኗል። ተነበበ ወይ ላሉኝ ግን ምን ልበልዎ? ሂርና ላይ ሰው ሰብስበን እኔው አነበብኩት። «የተፈጥሮ ሀብትን አሳታፊና ፍትሐዊ በሆነ አግባብ መጠቀም» የሚለው ጋ ስደርስ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱና «ልጄ፣ ይሄ ነገር የሚከፈልበት ነው ወይስ በነፃ?» አሉኝ። ሰው ሳቀ፤ እሳቸው ግን የምር ነበር የጠየቁት። የምርጫ ምልክታችንን መሰላሉን አይተው ደግሞ «ማን ሊወጣበት ነው?» አሉ። «ሁላችንም» አልኩ። «ሁሉም ከወጣ ማን ይይዘዋል?» አሉና ተቀመጡ።

እርስዎ ቢሆኑ አንድ መልስ አያጡም ነበር። እኔ ወረቀቱን አጥፌ «አመሰግናለሁ» ብዬ ወረድኩ።

አላህ ያሽርዎት።
ተማሪዎ ኢንሳፍ

—

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ የካቲት 4 ቀን 2018

ለልጄ ለኢንሳፍ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ማሩ ደረሰኝ። ቡርሃን ቀምሶታል፤ ግን ይቅር ብየዋለሁ፤ ያንቺን ደብዳቤ ሳይከፍት ያመጣ ሰው ማር ቢቀምስ አይፈረድበትም።

ስለ ጉሮሮዬ አትጨነቂ። ሐኪሙ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ይጨምራል፤ እኔም እመላለሳለሁ። በክፍልም በአደባባይም ስናገር የኖርኩ ሰው አሁን ሻይ ሲያምረኝ እንኳ የምጠይቀው በእጄ ነው። ነጅዋ «ቤታችን ሰላም ሆነ» ትላለች። እስቲ እህት ናት ይባላል?

ወደ ጉዳያችን። ሽማግሌው ትክክል ናቸው። መግለጫውን ስንጽፍ ለምርጫ ቦርድና ለዋናው ጽሕፈት ቤት ነበር ያሰብነው፤ ሂርና ላይ ቆሞ የሚሰማው ሰው አልታየንም። ሁሉንም አታንብቢ። ከመርሖቹ ሦስት ምረጪ። ሹም በየጊዜው ሕዝብ ፊት ቀርቦ ይጠየቅ፤ ዳኝነት በዘመድ አይሁን፤ ውኃና መሬት በፍትሕ ይዳረስ። ለእያንዳንዳቸው ሰው ከሚያውቀው ኑሮ አንድ አንድ ነገር ፈልጊና እሱን አውሪ። በኦሮምኛ ስትናገሪ የእኛን አማርኛ ቃል በቃል አትገልብጪ፤ ከእናትሽ ጋር በምታወሪበት ቋንቋ ተናገሪ።

መሰላ መቼ ትሄዳላችሁ? እዚያ የውኃውን ነገር አንሺ፤ በበጋ ሌላ ወሬ የላቸውም። ሰው ምን እንዳለ፣ አንቺም ምን እንደመለስሽ ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። እንግዲህ ረመዳን ደርሷል፤ በዱዓሽ አስቢኝ።

ጃዕፈር

—

ጭሮ፣ የካቲት 19 ቀን 2018

ለተከበሩ መምህሬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ረመዳን ከሪም። ፆሙ እንዴት ይዞዎታል? ሐኪሙ እንዲፆሙ ፈቀደልዎ ወይ? ልጆቼ ዘንድሮ ሙሉ ቀን ካልፆምን ብለው እስከ ቀትር ይጀግኑና ከዚያ ማድ ቤት ይገባሉ። ነጅዋን ሰላም በሉልኝ። ጭሮ ላይ ሙቀቱ በርትቷል፤ ንፋሱም አቧራ ይዞ ይመጣል።

ሦስት መርሕ መምረጡ ጠቅሞኛል። ሹም ሕዝብ ፊት ይጠየቅ የሚለውን ለማስረዳት፣ «የእድር ዳኛ ሒሳብ አላቀርብም ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» ብዬ ጀመርኩ። ጭሮም ገለምሶም ላይ ሰው ገባው።

መሰላም ሄደናል። ሰው ብዙ መጣ። ንፋሱ ግን ድምፅ ማጉያውን አስቸገረው፤ ቶሎ ጨርሰን ተመለስን። በአጠቃላይ ደህና ነበር።

ይቅርታ፣ ዛሬ አጠር አድርጌያለሁ። የፊጥር ሰዓት ደረሰብኝ።

ኢንሳፍ

—

ኮልፌ፣ የካቲት 27 ቀን 2018

ለልጄ ለኢንሳፍ፣

ረመዳን ከሪም። እኔ አልፆምኩም፤ መድኃኒቱ አይፈቅድም። ሲያፈጥሩ አብሬ እቀመጣለሁ።

ድርሰትሽን ስንት ዓመት አረምኩ። አንድ ነገር ስትደብቂ ስለ አየሩ ትጽፊያለሽ። ንፋስና አቧራ ሳነብ ለአቶ ኃይሉ ጻፍኩ፤ እሳቸውም ሳይወዱ መለሱልኝ። አትቆጪያቸው።

እንደነገሩኝ ከሆነ «ውኃ በፍትሕ ይዳረሳል» ስትዪ ረዲያ የምትባል ሴት ጀሪካኗን እንደያዘች ከኋላ ተነሥታ «ፍትሕ ማለት ውኃው መጀመሪያ ለማን ነው?» ብላ ጠየቀችሽ። አንቺም «ለሁሉም» አልሽ። «ሁሉም እኩል አይቀድም። እኛ ታች አሸዋ ቆፍረን አንድ ጀሪካን ለመሙላት ስንጠብቅ፣ ላይ ሞተር ወንዙን ወደ ጫት ይስበዋል። ሞተሩ ደግሞ የባልሽ ወንድም የመስዑድ ነው። እሱንም ይጨምራል ወይ ፍትሕሽ?» አለችሽ። አንቺ ዝም አልሽ። ሰውም ትንሽ ጠብቆሽ ተበተነ።

ልጄ፣ አላፍርብሽም። ይልቅ እንዲህ አድርጊ። ቃሉን ሰፊ አድርገሽ ያዢው። «ፍትሐዊ» የሚለው ቃል ለረዲያም ለመስዑድም ቦታ አለው። ጥያቄ ሲመጣ «ባለሙያ ያጠናዋል፣ ሕዝብ ይመክርበታል» በዪ። መሰላ ላይ ባለሞተር ብዙ ነው፤ አንዱ ባለሞተር ሲቀየም ከነዘመዱ፣ ከነሠራተኛው ነው የሚሄደው። መርሕ ለመያዝ መጀመሪያ መመረጥ ያስፈልጋል። ደግሞም የትዳርሽ ነገር አለ። አብራር መልካም ሰው ነው፤ በወንድሙና በሚስቱ መካከል አታቁሚው።

መሰላ እንደገና አትሂዱ፤ ሌሎቹ ከተሞች ይበቃሉ።

ጃዕፈር

—

ጭሮ፣ መጋቢት 7 ቀን 2018

ለተከበሩ መምህሬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ስለደበቅሁዎ አፉ በሉኝ። ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አልልክም ብዬ ራሴን አታለልኩ እንጂ፣ እውነቱ ማፈሬ ነው።

አቶ ኃይሉ ያልነገሩዎት አንድ ነገር አለ። ሰው ሲበተን ረዲያ ወደ እኔ መጣች። የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር። «ተይው፣ አትዘኚ። ሁሉም እንዲሁ ነው የሚለው» ብላ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስገባ አብራር ወሬውን ቀድሞ ሰምቶታል። ቴምሩን አቀበለኝ፣ ሾርባውን ቀዳልኝ። ከተራዊሕ ሶላት ሲመለስ ብቻ «ምን ልትዪያት ነበር?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። «እኔም አላውቅም» አለና ተኛ።

መምህር፣ እስከዛሬ እርስዎ ያሉኝን እሺ ብዬ ነው የኖርኩት። ይሄን ግን እሺ ማለት አቃተኝ። ለረዲያም ለመስዑድም ቦታ ያለው ቃል ለሁለቱም ምንም አይነግራቸውም። መስዑድ «የእኔን ሞተር አይነኩም» ብሎ ይመርጠናል፤ ረዲያ «ሞተሩን ያስቆሙልኛል» ብላ ትመርጠናለች፤ ከምርጫው በኋላ አንዳቸው መታለላቸውን ያውቃሉ። ይሄ መርሕን ለመራጭ ማስረዳት ነው ወይስ መሸሸግ?

አንድ ሌላ ነገር ልበል፤ አይቀየሙኝ። ባለፈው ዓመት የጭሮ ስታዲየም ንግግርዎን ያስታውሳሉ? ሰው አልቅሶ ነበር፤ እኔም አልቅሻለሁ። በማግስቱ ሱቄ የመጡትን ደንበኞች «ምን አሉ መምህር?» እያልኩ ጠየቅኋቸው። «አይ ሲናገሩ! አንደበታቸው!» አሉኝ። ምን እንዳሉ ግን የነገረኝ የለም። ያኔ በኩራት ነበር የሰማሁት። አሁን ሳስበው ያስፈራኛል።

ከዒድ በኋላ መሰላ ተመልሼ ሄጄ እንዲህ ልል አስቤያለሁ። ውኃ መጀመሪያ ለሰው፣ ቀጥሎ ለከብት፣ ከዚያ ለጫት። ይሄው ነው። ይፍቀዱልኝ።

ኢንሳፍ

—

ኮልፌ፣ መጋቢት 22 ቀን 2018

ለኢንሳፍ፣

ዒድ ሙባረክ። ሁለት መልስ ጽፌ ሁለቱንም ቀደድኳቸው። የመጀመሪያው የቁጣ ነበር። ሁለተኛው ሰውን ስለ ማሳመን ረጅም ትምህርት ነበር፤ ከቁጣውም የባሰ።

አሁን እኔም የደበቅሁትን ልንገርሽ። ከረመዳን በፊት ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል። እብጠቱን አውጥተውታል፤ ሕይወቴ ተርፏል፤ አልሐምዱሊላህ። ድምፄ ግን አይመለስም። ሐኪሙ ሰሞኑን ይሄንን በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፎ አሳየኝ፤ ምስኪን፣ መናገር ያቃተው መስማትም ያቃተው መስሎት ነው። ነጅዋ ወጥታ አለቀሰች። እኔ ያንቺ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር። «ምን እንዳሉ የነገረኝ የለም» የሚለው ከሐኪሙ ወረቀት ይልቅ ከበደኝ።

ከእንግዲህ መጥቼ ባንቺ ቦታ ልናገር አልችልም። ስለዚህ ፈቃዴን አትጠይቂኝ። የሚናገረው አፍ ያንቺ ነው፤ የሚከፈለውንም የምትከፍይው አንቺ ነሽ። አሁንም የምንሸነፍ ይመስለኛል። ልክ አይደለሽም ግን ልልሽ አልቻልኩም።

አንድ ነገር ብቻ ስሚኝ። አደባባይ ከመውጣትሽ በፊት መስዑድ ቤት ሂጂ። የሚጎዳው ሰው ከሰው አፍ አይስማው። ካንቺ አፍ፣ በገዛ ቤቱ፣ ፊቱን እያየሽ ንገሪው። አብራር ይምጣ አይምጣ እሱ ይወስን።

ጃዕፈር

—

ጭሮ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2018

ለተከበሩ መምህሬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤዎን ሱቅ ውስጥ ነው ያነበብኩት፤ በሩን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥኩ።  ሕይወትዎን ያተረፈልን አላህ ምስጋና ይግባው። ስለ ድምፅዎ እርስዎ ሳይፈቅዱ ለከተማው ሰው አልናገርም።

መስዑድ ጋ ሄድኩ። አብራርም ሳልጠይቀው ጫማውን አድርጎ ተከተለኝ። መስዑድን ከሞተሩ አጠገብ፣ ከጫቱ እርከን ሥር አገኘነው። ቤት አስገብቶን ምሳ አቀረበ። ከመብላቴ በፊት ልናገር ብዬ ሁሉንም ነገርኩት።

«ስለዚህ ሞተሬን ልታስዘጊ ነው» አለ።

«አይደለም ጋሼ። ሴቶቹ ቀድተው፣ ከብቱ ጠጥቶ እስኪጨርስ አይነሣ ነው የምለው። ከዚያ በኋላ አጠጣ።»

«በበጋ ከእነሱ የሚተርፍ ውኃ አለ? ጫት ዋጋ የሚያወጣው በበጋ ነው። ያኔ ካላጠጣሁ ቅጠል የለኝም። ቅጠል ከሌለኝ ለለቃሚውም፣ ለአሳሪውም ሥራ የለም። አባታችን ሲሞት ይሄ ዳገት ድንጋይ ነበር። በእጄ ነው ያነጠፍኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ባልሽ ጭሮ ወስዶ የሚሸጠው ከዚህ ነው። ልጆችሽ የሚለብሱት ከዚህ ነው።»

«ይሄንንም አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሌላ ሰው ሳይነግርህ ራሴ የመጣሁት።»

ወደ አብራር ዞረ። «አንተስ?»

አብራር ሳህኑን እያየ «አብሬያት መጣሁ እኮ» አለ። 

መስዑድ ሳህኑን ወደ እኛ ገፋ አደረገና «እንግዲህ ሄደሽ ተናገሪ። እኔም የእኔን እናገራለሁ። አሁን ብሉ፣ ይቀዘቅዛል» አለ። በላን። እንዲያ የከበደኝ እህል የለም። ስንመለስ ሂርና መገንጠያ ደረስን። አብራር እዚያ «ዛሬ ባል መሆኑም ወንድም መሆኑም ከበደኝ» አለኝ።

በሳምንቱ መሰላ ላይ ሰው ሰበሰብን። ወረቀት አልያዝኩም። «ቢሻን ዱራ ነማፍ፣ ኢቲ አንሴ ሎኒፍ፣ ሰነ ቦዳ ጂማፍ» አልኩ፤ መጀመሪያ ለሰው፣ ቀጥሎ ለከብት፣ ከዚያ ለጫት። ረዲያ ተነሣች። «የመስዑድንም ይጨምራል?» አለች። «አዎ፣ የመስዑድንም። ነግሬዋለሁ» አልኩ። መስዑድም እዚያው ነበረና ተነሥቶ ለእኔ እንዳለው አንድ ሳይቀር ተናገረ። ከዚያ የሆነውን ቢያዩት! አንዱ «ለከብትና ለሰው ምን ልዩነት አለው፣ ከብቴ ከሞተ እኔም ሞትኩ» ይላል። ሌላው የጫት ለቃሚ ነው፤ «ሞተሩ ከቆመ እኔ ምን ልበላ?» ይላል። ሴቶቹ ደግሞ ወንዶቹን «አንድ ቀን ጀሪካን ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ?» ይላሉ። እኔን የረሱኝ መሰለኝ። እስኪመሽ እርስ በርሳቸው ተከራከሩ። መርሕ ብለን የጻፍነው ነገር ከወረቀት ወጥቶ ሰው አፍ ሲገባ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የተከፈለውን ደግሞ አልደብቅዎትም። ገለምሶ ላይ የተፈቀደልን አዳራሽ ባለቤቱ «እድሳት ላይ ነው» ብሎ ከለከለን። እሱም ሞተር አለው። መስዑድ ለአብራር ጫት መላክ አቁሟል። ጠብ አላነሣም፤ መኪናው ብቻ በእኛ በር አይቆምም። አብራር ጠዋት ጠዋት ይለብስና የሚሄድበት ያጣል። ቢቆጣኝ እንኳ ጥሩ ነበር።

ኢንሳፍ

—

ኮልፌ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2018

ለልጄ ለኢንሳፍ፣

ደብዳቤሽን ነጅዋን አስነብቤያት በመስዑድ ምሳ ላይ ስትደርስ «ይሄ ሰው ጨዋ ነው» አለች። እኔም እንደዚያው አሰብኩ። ጨዋ ሰው ሲቃወምሽ መልካም ነው፤ የምትዪውን አጥርተሽ እንድትዪ ያስገድድሻል።

ዋናው ጽሕፈት ቤት «ዕጩዋ ከመግለጫው ውጭ ቃል ገብታለች» ብሎ ጠርቶኝ ነበር። የሰውን አፍ እያየሁ ወረቀት ላይ መልስ መጻፍ ለምጃለሁ። «ከመግለጫው አልወጣችም፤ መግለጫው ምን ማለት እንደሆነ ነገረቻቸው» ብዬ ጻፍኩላቸው። አንዱ «ድምፅ እናጣለን» አለ። «እኔ አጥቻለሁ፤ ይኖራል» ብዬ ጻፍኩ። ለጊዜው ሳቁና ተዉሽ። በሚቀጥለው ጉባኤ የውኃው አንቀጽ አንቺ ባልሽው ቅደም ተከተል እንዲጻፍ ሐሳብ አስገብቻለሁ። ያልፋል ብዬ አልምልልሽም።

አብራርን አታስጨንቂው። ሰው ሥራ ሲያጣ ቀና ብለው ሲያዩትም ይከብደዋል። ገለምሶ ላይ በድሪ የሚባል የማውቀው የቡና ነጋዴ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ከፈቀደ በእኔ ስም ይሂድ። ወይም ሱቅሽ ውስጥ ካንቺ እኩል የሚያቆመው ሥራ ስጪውና ራሱ ይምረጥ።

ውጤቱን ክፉም ሆነ ደግ ካንቺ እጅ ልስማው።

ጃዕፈር

—

ጭሮ፣ ሰኔ 27 ቀን 2018

ለተከበሩ መምህሬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ተሸነፍን። በትንሽ አይደለም። ሂርናና ገለምሶ ላይ ወደ አሸናፊው እንኳ አልተጠጋንም። መሰላ ላይ ካሰብነው በላይ አገኘን፤ ግን እዚያም አልበቃም። አቶ ኃይሉ ውጤቱ የተለጠፈበትን ግድግዳ ፎቶ አንሥተው «ለታሪክ ነው» አሉኝና ቢሮውን ጠረግን። እስከ ማታ አልተከፋሁም። ቤት ገብቼ ልጄ «እማ፣ አሸነፍሽ?» ስትለኝ ነው ያለቀስኩት።

አብራር በድሪ ጋ ሥራ ጀምሯል። ሳምንቱን ገለምሶ ቡና ሲገዛ ከርሞ ሐሙስ ማታ ይመጣል። ከጫት ይልቅ ቡና የተሻለ እንቅልፍ ይሰጣል ይላል። እርስዎን በዱዓው ሳያነሣ አይቀርም።

ውኃው ምን ሆነ ቢሉኝ፣ ዝናቡ ስለገባ ወንዙ ሞልቷል፤ ማንም ሞተር አላስነሣም። የሚታወቀው በመጪው በጋ ነው። ረዲያና ሌሎች ሴቶች ግን ለወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ አስገብተዋል። እኔን አላማከሩኝም፤ ከገባ በኋላ ነው የሰማሁት። ያመለከቱት ቅደም ተከተሉ እንዲጠበቅላቸው ነው። ያሸነፈው ዕጩም መሰላ ሄዶ «ስለ ውኃው ቅደም ተከተል እንመክራለን» ማለቱን ነግረውኛል። ከየት እንዳመጣው አልጠየቅሁም።

አሁን ይሄን ደብዳቤ ያስጻፈኝን ልንገርዎ። ትናንት ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስዑድ ሱቄ ገባ። ከዚያ የመሰላ ቀን ወዲህ አልተያየንም። ልጁ ሹክሪያ ልትዳር ነው፤ ጨርቅ ፈልጎ ነው የመጣው። ጭሮ ላይ የጨርቅ ሱቅ ሞልቷል። ከመደርደሪያው ሁለት ጨርቅ አወረድኩለት። አንዱን በጣቱ እየፈተሸ፣ ቀና ሳይል፣

«አልመረጥኩሽም» አለኝ።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ከየት ታውቂያለሽ? ድምፅ ምስጢር ነው።»

«አንተን ብሆን እኔም እኔን አልመርጥም ነበር።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርጎ እንዲህ አለ፦

«ስንት ጊዜ መርጫለሁ። ሌሎቹን ስመርጥ ምን እንደመረጥኩ እስከዛሬ አላውቀውም። አንቺን ስተውሽ ግን ምን እንደተውኩ አውቄ ነው።»

 መልሴን ሳይጠብቅ ሁለቱን ጨርቆች ወደ ብርሃኑ ይዞ ወጣና እያገላበጠ አያቸው።

«አረንጓዴው ይሁን» አለ።

መቀሱን አንሥቼ ቆረጥኩለት።

ወሰላም፣
ኢንሳፍ